ዕቃው ቢወገድም መዝገቡ አይፋቅ

የአጥቢያ ንብረት በኮምፒዩተር ሲመዘገብ ስለሚደረግ ጥንቃቄ፣ በጎባ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።





ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው። በኮምፒዩተር ላይ አንዲት ቁልፍ የመጫን ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ያችን ቁልፍ የሚጫን ሰው ከአንድ ዕቃ ስም ጋር ዕቃውን የሰጠውን ምእመን፣ የተረከበውን ቄሰ ገበዝ፣ እንዲወገድ የወሰነውን ጉባኤ አብሮ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ጊዜ ሰጥተን ልንመለከተው ይገባል።

አጥቢያዎች የንብረት መዝገባቸውን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ማዛወር ጀምረዋል። አንዳንዶቹ በኤክሴል ሠንጠረዥ ይጠቀማሉ፤ ሌሎቹ ለንብረት አስተዳደር ተብሎ የተሠራ ሶፍትዌር ተክለዋል። በዚህ ሥራ መካከል ሁልጊዜ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «የተሰበረውን ወንበር፣ የተቃጠለውን ጄኔሬተር፣ ለሌላ አጥቢያ የተሰጠውን ድምፅ ማጉያ ከመዝገቡ እናጥፋው ወይ? ዝርዝሩ በዛብን፤ የሌለ ዕቃ ለምን ይታያል?» የሚል ነው። ጥያቄው ቅን ነው። መልሳችን ግን አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፤ ዕቃው ይወገዳል፣ መዝገቡ አይፋቅም። ምክንያቱን ከአባቶቻችን ልማድ ተነሥተን እናስረዳለን፤ ከዚያም ሶፍትዌሩ እንዴት እንደሚሠራና ምን እንድታደርጉ እንደምንጠይቅ እንገልጻለን።

መፋቅ በአባቶቻችን ዘንድ

በሀገራችን የቤተ ክርስቲያን ንብረት መመዝገብ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። አባቶቻችን የርስቱንና የጉልቱን ውል፣ የንዋየ ቅድሳቱን ቍጥር፣ የመጻሕፍቱን ዝርዝር በወንጌሉ ኅዳግና ባዶ በቀሩት ቅጠሎች ላይ ይጽፉ ነበር። ከመጽሐፍ ሁሉ የሚከበረው ወንጌል ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ የሰፈረውን ማንም በቀላሉ አይነካውም ብለው ነው። ወንጌል ዘወርቅ ተብለው የሚጠሩት የየገዳማቱ ወንጌሎች ዛሬ ለታሪክ ጸሐፊዎች ዋና ምንጭ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። የአክሱም ጽዮንን ይዞታና ሥርዓት የያዘው መጽሐፈ አክሱምም ከዚሁ ወገን ነው።

ከእነዚህ ጽሑፎች በታች ግዝት ይጻፋል። ግዝቱ መጽሐፉን የሰረቀውን ወይም የቀማውን ብቻ አይደለም የሚያወግዘው፤ የፋቀውንም ጨምሮ ነው። ብራና በመላጫ ቢፋቅ ቀለሙ ይለቃል። በሌላ ቤተ ክርስቲያን ስም የነበረ መጽሐፍ ስሙ ተፍቆ የሌላ ስም ሲጻፍበት የታየባቸው ብራናዎች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ አባቶች የሚያውቁት እውነት አለ፤ ከሌባው በኋላ የሚመጣው ፋቂው ነው። ሌባው ዕቃውን ይወስዳል፤ ፋቂው ደግሞ ዕቃው የእኛ እንደነበረ የሚመሰክረውን ቃል ይወስዳል።

የሒሳብ ሰዎችም ይህንኑ ሥርዓት ይከተላሉ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም። በባሕር መዝገብ ላይ ስሕተት ቢገኝ በነጭ ቀለም አይሸፈንም፣ በላጲስም አይጠፋም። ስሕተቱ እንዲነበብ አድርጎ አንድ መስመር ይሰመርበታል፤ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፤ ያረመው ሰው ይፈርማል፣ ቀኑንም ይጽፋል። ከዚያ በኋላ መዝገቡን የሚያየው ሰው ሁለቱንም ያነባል፤ ምን እንደነበረና ለምን እንደተለወጠ ያውቃል።

በመጽሐፈ ዕዝራ ያለው ቆጠራ

ካህናት ሁላችሁም የምታውቁትን ታሪክ በዚህ ዓይን እንድታዩት እንለምናለን። ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የማረከውን ንዋየ ቅድሳት ቂሮስ በመለሰ ጊዜ ነገሩ በጅምላ አልተከናወነም። በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 1 እንደተጻፈው መዝገብ ጠባቂው ሚትሪዳጡ ዕቃዎቹን በየዓይነታቸው ቆጥሮ ለሰሳብሳር አስረከበ፤ ድምሩም 5,400 ሆነ። በምዕራፍ 8 ደግሞ ዕዝራ ብሩንና ወርቁን ዕቃውንም መዝኖ ለተመረጡ ካህናት በአደራ ሰጠ፤ ኢየሩሳሌም በደረሱ ጊዜም በቤተ መቅደሱ እንደገና ተመዘነ፣ ክብደቱም ሁሉ ተጻፈ። ዛሬ ርክክብ የምንለው ሥርዓት ሙሉ በሙሉ እዚያ አለ፤ ሰጪ፣ ተቀባይ፣ ቍጥር፣ ሚዛን፣ ጽሑፍ።

በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 2 ሌላ ነገር አለ። ከምርኮ ከተመለሱት ካህናት መካከል የትውልድ መዝገባቸውን ፈልገው ያላገኙ ነበሩ፤ ከዚህም የተነሣ ከክህነት አገልግሎት ተከለከሉ። መዝገብ መጥፋት የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አያስፈልገንም። መዝገቡ ሲጠፋ የሚጎዳው ሰው ነው።

በኮምፒዩተር ማጥፋት ሁለት ዓይነት ነው

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ እንምጣ። በኮምፒዩተር «አጥፋ» የሚለው ትእዛዝ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም።

የመጀመሪያው ዓይነት ከእይታ ማንሣት ነው። በደንብ የተሠራ የንብረት ሶፍትዌር አንድን ዕቃ «አጥፋ» ሲባል መዝገቡን ከመረጃ ቋቱ አያወጣውም። በመዝገቡ ላይ «በዚህ ቀን ተሰርዟል» የሚል ምልክት ያኖርበታል፤ ከዕለት ተዕለት ዝርዝሩ ላይ እንዳይታይ ያደርገዋል። መዝገቡ ግን እንዳለ አለ፤ ሥልጣን ያለው ሰው ሊያየው፣ ሊመልሰውም ይችላል። ይህ ከባሕር መዝገብ ላይ አንድ መስመር እንደማስመር ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በቋሚነት ማጥፋት ነው። ይህ ብራናውን መፋቅ ነው። መዝገቡ ከመረጃ ቋቱ ይወጣል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው የርክክብና የጥገና ታሪክም አብሮ ሊሄድ ይችላል። መጠባበቂያ ቅጂ ከሌለ የሚመለስበት መንገድ የለም።

በብዙ ሀገር ያሉ ድርጅቶች የሚጠቀሙበትን፣ ያለ ክፍያ የሚገኘውን ስናይፕ አይቲ የተባለ ሶፍትዌር ለምሳሌ እንውሰድ። በዚህ ሶፍትዌር ተራው የማጥፋት ትእዛዝ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። የተሰረዙትን መዛግብት ለዘለዓለም የሚያጸዳው ትእዛዝ በዋናው አስተዳዳሪ ገጽ ውስጥ ለብቻው ተቀምጧል። ያ ትእዛዝ እንዲሠራ በመጀመሪያ ሶፍትዌሩ በተተከለበት ኮምፒዩተር ላይ ፈቃድ መከፈት አለበት፤ ከዚያም አስተዳዳሪው «ደሊት» የሚለውን ቃል በእጁ እንዲጽፍ ይጠየቃል። ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች ይህን ሁሉ ደጃፍ ያቆሙት ሰው በድንገት እንዳይገባበት ነው። ምክራችን ያ ፈቃድ እንደተዘጋ እንዲኖር ነው።

በኤክሴል ግን ይህ ሁሉ ደጃፍ የለም። አንድን መስመር ይዞ ማጥፋት የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው፤ ፋይሉ ተቀምጦ ከተዘጋ በኋላ መስመሩ እንደነበረ የሚናገር ነገር አይቀርም። ማን እንዳጠፋው፣ መቼ እንዳጠፋው አይታወቅም። ስለዚህ በኤክሴል የምትሠሩ አጥቢያዎች ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ አለባችሁ።

የተፋቀ መዝገብ የሚያስከትለው

አንድ ምሳሌ እናስብ። አንድ አጥቢያ በምእመናን መዋጮ ጄኔሬተር ገዛ እንበል። ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ሆነ፤ መለያ ቍጥር 0042 ተሰጠው። ከዓመታት በኋላ ተቃጠለ። ጉባኤው ተሰብስቦ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ እንዲሸጥ ወሰነ፤ ተሸጠ፤ ገንዘቡም በደረሰኝ ገቢ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ሁሉ በሥርዓት ነው። ከዚያ ጸሐፊው ዝርዝሩን ሊያሳጥር ብሎ 0042ን በቋሚነት አጠፋው።

ሦስት ዓመት አለፈ። የሰበካ ጉባኤው አባላት ተቀየሩ፤ ንብረት ክፍሉ ወደ ሌላ አጥቢያ ተዛወረ። አንድ ቀን በምእመናን ስብሰባ ላይ መዋጮ ከሰጡት አንዱ ተነሥተው «ጄኔሬተራችን የት ደረሰ?» ብለው ጠየቁ። መዝገቡ ሲታይ ከ0041 ወደ 0043 ይዘላል። በዚያች ባዶ ቦታ ምን እንደነበረ የሚነግር የለም። ደረሰኙ በየትኛው ጥራዝ እንዳለ የሚያመለክትም የለም። በዚህ ጊዜ በሰው ልብ ውስጥ የሚገባው ጥርጣሬ ነው፤ የሚጠረጠረውም ያ በቅንነት ያገለገለ፣ አሁን ራሱን ሊከላከል በአጠገባችን የሌለ ሰው ነው። ከጥርጣሬ የሚያነጻው ማስረጃ ነበረ፤ ያጠፋነው ግን እኛው ነን።

መዝገቡ ባይጠፋ ኖሮስ? 0042 «የተወገደ» ተብሎ ይገኝ ነበር። ከሥሩ የቃለ ጉባኤው ቍጥርና ቀን፣ የሽያጩ ደረሰኝ ቍጥር፣ የፈራሚዎቹ ስም ይነበብ ነበር። ጥያቄው በአምስት ደቂቃ ይመለስ፣ ጠያቂውም አመስግነው ይቀመጡ ነበር። መዝገብ ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ታማኙን አገልጋይ ነው።

ይህ ነገር በልማት ሥራችንም ላይ አለ። ኮሚሽናችን ከተቋቋመበት ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን በውኃ፣ በእርሻ፣ በጤና በኩል ከረጂዎች ጋር ስትሠራ ቆይታለች። የውኃ ፓምፕ፣ የእህል ወፍጮ፣ ሞተር ሳይክል፣ ዘመናዊ ቀፎ በፕሮጀክት ስም ይገዛል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ለአጥቢያው ወይም ለማኅበረሰቡ ይተላለፋል። የተላለፈው ዕቃ ከፕሮጀክቱ ዝርዝር «አለቀ» ተብሎ ቢፋቅ፣ ኦዲተር ሲመጣ ዕቃው ተገዝቶ የት እንደገባ አይታወቅም። ትክክለኛው አሠራር «ለእገሌ አጥቢያ በዚህ ቀን ተላልፏል» ብሎ መዝጋት ነው። ዛሬ ለአንድ ቀፎ የምንሰጠው መልስ ነገ ለምንጭ ማጎልበቻ በሚጠየቀው ገንዘብ ላይ ይታያል።

በእጃችን የሌለውን ማስታወስ

አንዳንዶቻችሁ «አሁን የሌለን ዕቃ መዝገብ ለምን ይጠቅመናል?» ትሉ ይሆናል። የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ የሚያስተምረው ግን፣ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው በእጃችን የሌለው ንብረት መዝገብ መሆኑን ነው።

መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱ ጊዜ፣ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር እጅግ ብዙ ንዋየ ቅድሳትና ብራና ይዞ ሄደ። ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም የገቡት ብራናዎች ብቻ 350 ያህል ናቸው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ለእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥት እንዲመለስ ጠየቁ። ምክንያታቸውንም ሲገልጹ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም በመጽሐፉ ውስጥ እንደሚገኝ፣ ያለ እርሱም ሕዝቡ እንደማይታዘዝላቸው አስረዱ። ሙዚየሙም መጽሐፉን መለሰ። ንጉሡ ሀገር ለማስተዳደር የፈለጉት መዝገቡን ነበር።

በቅርቡ የሆነውንም እናንሣ። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ቤልጂየም ውስጥ ተገኝቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። መስቀሉ በስሙ የሚታወቅ፣ መልኩም በፎቶግራፍ የተያዘ ስለነበር «የእኛ ነው» ለማለት የሚያስቸግር አልነበረም። የጨለቆት ሥላሴ ዘውድም እንዲሁ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1985 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ሆላንድ ሮተርዳም ገብቶ በኢትዮጵያዊው በአቶ ሲራክ አስፋው እጅ ለ21 ዓመት ተጠብቆ ኖረ፤ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ወደ ሀገሩ ተመለሰ። ዘውዱን ለመለየት ከረዱት ማስረጃዎች አንዱ ካህኑ ደፍተውት የተነሣ ፎቶግራፍ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ዘውዱ በጠፋ ማግሥት አንድ ሰው «ከእንግዲህ የለም» ብሎ ዝርዝሩንና ፎቶግራፉን ቢያጠፋው ኖሮ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ዘውዱ ሲገኝ የማን ነው ይባል ነበር?

በታላላቅ ተቋማትም ቢሆን ያልተመዘገበ ነገር አይጠበቅም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሪቲሽ ሙዚየም 2,000 ያህል ቅርሶች ከመጋዘኑ መጥፋታቸውን ወይም መጎዳታቸውን ሲያሳውቅ፣ ብዙዎቹ በዝርዝር ያልተመዘገቡ ነበሩ። ሌባው የመረጠው መዝገብ የሌላቸውን ነው። ከዚያ በኋላ ሙዚየሙ ስብስቡን ሙሉ በሙሉ በኮምፒዩተር ለመመዝገብ የአምስት ዓመት ዕቅድ አወጣ።

ስለ ቤትና ስለ መሬትም ይኸው ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና የከተማ ትርፍ ቤት አዋጆች ሲወጡ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ይዞታ አጣች። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከተወረሱት ቤቶች ከፊሎቹ ሲመለሱ የሚጠየቀው ማስረጃ ነበር። በእነዚያ ዓመታት «ከእንግዲህ አይመለስም» ብሎ ወረቀቱን ያቃጠለና በሣጥን ቆልፎ ያቆየ አጥቢያ እኩል አልቆሙም።

ማጥፋት ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ

ይህን ሁሉ ስንል ምንም ነገር አይጥፋ ማለታችን አይደለም። ማጥፋት ተገቢ፣ አንዳንድ ጊዜም ግዴታ የሚሆንበት ጉዳይ አለ።

አንደኛ፣ በስሕተት ሁለት ጊዜ የገባና ለልምምድ የተጻፈ መዝገብ ነው። ሥልጠና ላይ «ወንበር አንድ፣ ወንበር ሁለት» እየተባለ የተሞላው ከእውነተኛው ጋር ሊቀላቀል አይገባም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማጽዳት ይገባል፤ ምን እንደጸዳም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ሁለተኛ፣ የሰው ምስጢር ነው። በበጎ አድራጎት ሥራችን የወላጅ አልባ ሕፃናት፣ የሕሙማን፣ የተረጂ ቤተሰቦች ስምና ስልክ እንይዛለን። ይህ ንብረት አይደለም፤ በንብረት መዝገብ ውስጥም ቦታ የለውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 የግል መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ይጠይቃል፤ ባለመረጃው እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብትም ይሰጠዋል። ብርድ ልብስ የተሰጣትን እናት ስም በብርድ ልብሱ መዝገብ «አስተያየት» ውስጥ መጻፍ አይገባም። የተሰጠው ብዛት በንብረት መዝገብ፣ የተቀባዮች ስም ደግሞ በተቆለፈ ሌላ መዝገብ ይያዝ፤ ጊዜው ሲያልፍም ይኸኛው ይጥፋ።

ሦስተኛ፣ ገና ከመጀመሪያው መጻፍ የማይገባው ነው። ታቦት ፎቶግራፍ አይነሣም፣ ለዓይንም አይቀርብም። በኮምፒዩተር ላይ መልኩና ያለበት ቦታ ሊሰፍር አይገባም። የእርሱ ጥበቃ በአስተዳዳሪውና በቄሰ ገበዙ እጅ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይቀጥል። ሌሎች ንዋየ ቅድሳት ሲመዘገቡም ዝርዝሩ ለሁሉ ክፍት እንዳይሆን፤ የከበረ ነገር ዝርዝር ለሌባ የገበያ ወረቀት ሊሆን ይችላልና። ዕድሜ ያላቸው ብራናዎች፣ መስቀሎችና ሥዕሎች በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 የሚታዩ ስለሆኑ፣ ከቦታቸው ከማንቀሳቀስም ሆነ ለሌላ ከማስተላለፍ በፊት ሀገረ ስብከቱንና የቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ይገባል።

ጠፋ ያልነው ሳይጠፋ ሲቀር

እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። መዝገብ እንዲኖር ስንፈልግ በአንድ ቁልፍ ይጠፋል፤ ምስጢር እንዲጠፋ ስንፈልግ ደግሞ ሳይጠፋ ይቀራል። አሮጌው የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ሲሸጥ ወይም ሲሰጥ፣ ፋይሎቹን ወደ ቅርጫቱ ወርውሮ ቅርጫቱን ባዶ ማድረግ አይበቃም። ኮምፒዩተሩ የሚያጠፋው የፋይሉን አድራሻ ነው፤ ጽሑፉ በላዩ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ በዲስኩ ላይ ሊቆይ ይችላል፤ የሚፈልግ ሰውም በቀላል ፕሮግራም ያወጣዋል። የተረጂዎችን ስም፣ የባንክ ደብዳቤ የያዘ ኮምፒዩተር ከእጃችን ከመውጣቱ በፊት ባለሙያ ዲስኩን ያጽዳው፤ ባለሙያ ካልተገኘ ዲስኩ ወጥቶ ይሰበር። የኮምፒዩተሩ የንብረት መዝገብ ግን «ዲስኩ ጸድቶ ተወግዷል» ተብሎ ይቀመጥ።

በመጨረሻም ስለ መጠባበቂያ ቅጂ እንናገራለን። በዚህ በደጋው አገር መብራት ይሄዳል ይመጣል፤ እርጥበት ወረቀትንም ማሽንንም ይጎዳል። ቅጂ ሳይኖረን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ መተማመን አይገባም። ቅጂ አለ ማለት ብቻውንም አይበቃም። በ2009 ዓ.ም. ጥር ወር ጊትላብ የተባለ ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ አንድ ሠራተኛ በስሕተት ዋናውን የመረጃ ቋት አጠፋ። ኩባንያው አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበረው፤ በዚያች ሰዓት ግን አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። የዳናቸው ሠራተኛው ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ የገለበጠው ቅጂ ነው። ያን ያህል ባለሙያ ያለው ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ቅጂያችንን ከፍተን ሳናይ ልንተኛ አይገባም።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ጥበብ አስቀድማ አይታዋለች። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የብራና ማይክሮፊልም ሥራ ከስምንት ሺሕ በላይ የሀገራችንን ብራናዎች በፊልም አንሥቶ፣ ቅጂው በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል እንዲቀመጥ አድርጓል። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ብራናው ከቦታው የታጣ እንኳ ቢሆን ቃሉ ተነብቧል፣ ተጠንቷል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን በእነዚያ ቅጂዎች መግለጫ ላይ አሳልፈዋል።

የምንጠይቃችሁ

በቃለ ዐዋዲው የአጥቢያው ንብረት ጥበቃ የሰበካ ጉባኤው ኃላፊነት ነው። ስለዚህ ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ እነዚህን ነጥቦች በጉባኤ ተወያይታችሁ በቃለ ጉባኤ እንድታሰፍሩ እንጠይቃለን።

1. ማንኛውም ዕቃ ከአገልግሎት ሲወጣ መዝገቡ አይጥፋ፤ «የተወገደ»፣ «የተላለፈ»፣ «የጠፋ» ወይም «የተሰረቀ» ተብሎ ይዘጋ። ቀኑ፣ ምክንያቱ፣ የቃለ ጉባኤው ቍጥርና የፈራሚዎቹ ስም አብሮ ይጻፍ።

2. የተወገደ ዕቃ መለያ ቍጥር ለሌላ ዕቃ አይሰጥ።

3. አገልጋይ ሲዛወር ወይም ሲያርፍ ስሙ ከሶፍትዌሩ አይፋቅ፤ «አገልግሎቱን ያበቃ» ተብሎ ይቀመጥ። ስሙ ሲፋቅ በእጁ ያለፈው ርክክብ ሁሉ ባለቤት አልባ ይሆናልና።

4. መዝገብ የሚያስገባ፣ የሚያረጋግጥና የሚያጸድቅ ሰው የተለያየ ይሁን። በቋሚነት የማጥፋት ሥልጣን ለአንድ ሰው ብቻውን አይሰጥ። የይለፍ ቃል ለብዙ ሰው በጋራ አይሁን፤ የጋራ ከሆነ ማን እንደሠራው አይታወቅም።

5. በኤክሴል የምትሠሩ፣ የተወገዱትን ዕቃዎች ወደ ሌላ ገጽ አዛውሩ እንጂ መስመር አታጥፉ። በየሩብ ዓመቱ መጨረሻ ዝርዝሩን በወረቀት አትማችሁ በአስተዳዳሪው፣ በጸሐፊውና በንብረት ክፍሉ አስፈርሙ፤ በማኅተም አጽኑት።

6. ሁለት ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንዱ በአጥቢያው፣ ሌላው በወረዳ ቤተ ክህነት ወይም በሀገረ ስብከት። በዓመት ሁለት ጊዜ ቅጂውን በሌላ ኮምፒዩተር ከፍታችሁ መነበቡን አረጋግጡ።

7. የግድ በቋሚነት የሚጠፋ ነገር ሲኖር በቅድሚያ ዝርዝሩ ይታተም፤ ሰበካ ጉባኤው ይወስን፤ ሁለት ሰዎች ባሉበት ይፈጸም። የጠፋው ነገር ዝርዝር ራሱ መዝገብ ሆኖ ይቀመጥ። የሰው ምስጢር ሲሆን ግን የሚቀመጠው ስሙ ሳይሆን «በዚህ ቀን ይህን የመሰለ መዝገብ ጠፍቷል» የሚለው ብቻ ይሁን።

የተከበራችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ እኅቶች፤

የቤተ ክርስቲያን ንብረት ከገብሱና ከስንዴው ዐሥራት አውጥተው ከሚሰጡ ምእመናን፣ ከመበለቲቱ ሙዳየ ምጽዋት የተገኘ ነው። ሰጪው ስሙ እንዲጻፍለት ላይፈልግ ይችላል፤ ስጦታው የት እንደደረሰ ግን የማወቅ መብት አለው። እኛ ሁላችን በተራችን ተረካቢዎች ነን፤ በተራችንም አስረካቢዎች እንሆናለን። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ጉባኤ መዝገቡን ሲከፍት ያለውንም፣ የነበረውንም፣ የሄደበትንም ምክንያት ሊያነብ ይገባዋል። በየአጥቢያችሁ ሶፍትዌሩን የሚያስተካክል ወይም መዝገቡን የሚያዛውር ባለሙያ ቢያስፈልግ በጽሑፍ ጠይቁን፤ አሮጌውን የባሕር መዝገብም ሥራው ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረ ብላችሁ አትጣሉት፤ በደረቅ ሣጥን ቆልፋችሁ አስቀምጡት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።